የጫካዋ ሰዓዳ

የሰዓዳን ሞት የሰማሁት ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የከዚራ ሰፈሩ ፀጉር አስተካካያችን ምላጩን እያጸዳ፣ እንደ ዋዛ፣ "አቦ፣ ያቺ የጫካዋ ሰዓዳ ትናንት ተቀበረች አሉ፤ አልሰማህም?" አለኝ። ግማሽ ፊቴ ሳሙና እንደለበሰ በመስተዋቱ ውስጥ አየሁት። የቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም።

የደቻቱን አሸዋማ ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ሰፈር እህቷ ቤት ስደርስ፣ በሩ ላይ የተወጠረው ሸራ አልበቃ ብሎ ሰው እስከ መስጊዱ ጥግ ድረስ መሬት ላይ ተቀምጧል። ግማሹን አላውቀውም። የመጋላ ሰዎች አይደሉም። ሽርጣቸው የአቧራ ቀለም የያዘ፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ፣ ከተራራው በጭነት መኪና የወረዱ ገበሬዎች ናቸው። አንዱ ጠጋ ብሎ በተሰባበረ አማርኛ፣ "የአባቷ ስም ማን ነበር? ዱዓ ስናደርግ በሙሉ ስሟ እንድንጠራት ነው" ሲል ጠየቀኝ። ያን ሁሉ መንገድ የመጡላትን ሴት የአባቷን ስም እንኳ አያውቁም። ነገርኩት። እሱም ለጎኑ ሰው ነገረው፣ ያም ለጎኑ። ስሙ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ እስከ ሸራው ዳር ሲደርስ ቆሜ ሰማሁ።

እኔ ሰዓዳን ያወቅኋት በደርግ ጊዜ፣ ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ የደን መሥሪያ ቤት ውስጥ ካርታ ነዳፊ ሆኜ ስሠራ ነው። ውጭ አገር ደን የተማረ ባለሙያ ይመደብላችኋል ሲባል ሁላችንም ኮት የለበሰ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ጓድ ነበር የምንጠብቀው። የመጣችው ሻሽ ያሰረች፣ የሸራ ጫማ ያደረገች፣ ረጅም ቀጭን የመጋላ ልጅ ሆነች። አባቷ ሶማሌ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እናቷ ኦሮሞ ናቸው። ከአባቷ ጋር በሶማሊኛ፣ ከእናቷ ጋር በኦሮሚኛ፣ ከጎረቤት ጋር በአደርኛ እያወራች ነው ያደገችው። ከእኛ ጋር አማርኛ ታወራለች፤ ስትናደድ ግን አራቱንም ትቀላቅላቸዋለች፤ ያኔ አለቃችን ጓድ ተፈራ፣ "አሁን የተናገርሽው በየትኛው ቃለ ጉባኤ ይያዝ?" እያለ በሳቅ ይገድለናል።

ስታዳምጥ ዓይኗን ትጨፍናለች። መጀመሪያ ሰሞን ሁላችንም የተኛች ይመስለን ነበር። አንድ ቀን ጓድ ተፈራ ረጅም ሪፖርት እያነበበ አያትና፣ "ጓድ ሰዓዳ፣ እንቅልፍ ከመጣሽ ውጪና ንፋስ ተቀበይ" አላት። ዓይኗን ሳትገልጥ ያነበበውን ሁሉ ከአፉ እንደወጣ በተራ በተራ መለሰችለት። ከዚያ ገለጠችውና፣ "የምንጩን ነገር ግን ዘለልከው" አለችው። እውነትም አንድ ገጽ ዘሏል። ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ስትጨፍን የምንፈራው እኛ ሆንን።

አንድ ጊዜ ሻይ ላይ ተቀምጠን፣ ውጭ ያስተማራት ሽማግሌ መምህር የተቃጠለ ዛፍ ጭስ ጠፍቶ እንደማይጠፋ፣ ሰማይ ላይ እየተከማቸ አንድ ቀን ዓለምን በሙሉ እንደሚያሞቅ ይናገር እንደነበር ነገረችን። ሳቅን። ግንቦት ነበር፣ የቢሮው ጣሪያ ቆርቆሮ ይንጣጣል። ገንዘብ ያዣችን፣ "ድሬዳዋ ደግሞ ከዚህ በላይ ወዴት ትሞቃለች?" አለ። እሷም አብራን ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ግን፣ "እኔም እንደናንተ ስቄበት ነበር። አሁን ከሰል የጫነ መኪና ባየሁ ቁጥር ሽማግሌው ትዝ ይለኛል" አለች።

የደን ጥበቃ ዕቅድ በቀረበ ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበራት፦ "በምን ይበስላል?" ይህ ጫካ ሲዘጋ ይህ ሁሉ ሰው ምሳውን በምን ያበስላል ማለቷ ነው። ስንት ሄክታር፣ ስንት ዘበኛ፣ ስንት ችግኝ ተብሎ ይነበባል፤ እሷ ዓይኗን ገልጣ፣ "ጥሩ። በምን ይበስላል?" ትላለች።

ያን ዓመት ከበላይ አንድ ትልቅ ዕቅድ ወረደ። ከደንገጎ ዳገት በላይ የሚገኘው የጥድና የወይራ ደን እየመነመነ ስለሆነ ይዘጋ፣ መንገዱ ላይ ኬላ ይጨመር፣ ከሰል ይከልከል፣ በደኑ ውስጥ የሚኖሩት ቤተሰቦች ተነስተው ሜዳው ላይ በሚሠራ አዲስ መንደር ይስፈሩ፣ የተራቆተው ኮረብታ እርከን ይሠራለት የሚል ነው። እርከኑን ለሚሠራው ሕዝብ የውጭ ረጂዎች እህል ይሰጣሉ። የሚሰጡት ግን አንድ ባለሙያ ዕቅዱን ገምግሞ፣ ደኑን ያድናል ብሎ ሲፈርም ነው። ዝናብ ጠፍቶ ሰው የተራበበት ጊዜ ስለነበር እህሉን የሚጠብቀው ብዙ ነው። ግምገማው ለሰዓዳ ተሰጠ። ሁላችንም ፊርማ ብቻ የቀረው ነገር መስሎን ነበር።

"ቦታውን ሳላይ አልፈርምም" አለች። "መስፍን ካርታ ይያዝልኝ" ስትል ወደ እኔ ጠቆመች።

እንዲህ ሆነን ሁለታችን ወጣን። ደኑ ውስጥ ወዳለው መንደር ስንደርስ ሰዉ ገና ከሩቅ አይቶን ወደየቤቱ ገባ። የመንግሥት ሰው ሲመጣ መጥረቢያ መደበቅ የተለመደ ነው። የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ሙሜ፣ ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ተቀበሉንና ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "እዚህ ዛፍ የሚቆርጥ የለም" አሉ።

ሰዓዳ ስለ ዛፍ አንድም ቃል አላነሳችም። በኦሮሚኛ የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቀች፤ ውሃ ከየት እንደሚቀዱ ጠየቀች። ሴቶቹን ተከትላ ምንጩ ድረስ ወረደች፣ አንዷን አሮጊት አግዛ እንስራ ተሸከመች። እዚያው ሰነበትን። ሰዉ ሲለምደን፣ አንድ ከሰዓት ሼህ ሙሜ ራሳቸው መጥረቢያቸውን ይዘው መጡና ፊቷ አስቀመጡት።

"እንቆርጣለን፣ ኢንተላ ኮ" አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "የደረቀውን እንቆርጣለን። ልጅ ሲዳር ለቤት እንቆርጣለን። ከምንጩ በላይ ግን አንነካም። ምንጩ ከደረቀ የት እንሄዳለን?"

ዓይኗን ጨፍና ሰማቻቸው። ከዚያ ያን አገር በሙሉ አብረን በእግር ዞርነው። እሷ ትመራለች፣ እኔ ካርታው ላይ ደን ያለበትን አረንጓዴ፣ የተመነጠረውን ቀይ አቀልማለሁ። ቀለሙ እየሞላ ሲሄድ ነገሩ ታየኝ። ሰዎቹ በሚኖሩበት ሸለቆ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ሰው የሌለበት፣ ኬላ ያለበት፣ ጥብቅ ተብሎ የተከለለው የመንገዱ ዳር ቀይ ነው። እንጨትና ከሰል ጭነው ኬላውን የሚያልፉት መኪናዎች የመንግሥት ፈቃድ አላቸዋ።

ከተማ ስንመለስ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በየጠዋቱ ደቻቱ አሸዋ ላይ ከሰል ከሚያራግፉት ሴቶች ጋር ትቀመጥ ጀመር። ጆንያው ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ ትጠይቃለች። ስትመለስ ፊቷ ላይ ጥቁር አቧራ አለ። "ድሬ በሙሉ በዚያ ጫካ ከሰል ነው አብስላ የምትበላው" አለችኝ። "እናቴም፣ እናትህም።"

ግምገማው የሚቀርብበት ቀን ከበላይ አንድ ጓድ መጡ፤ አጠር ያሉ፣ ላባቸውን በነጭ መሐረብ የሚያደርቁ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። አለመጮኻቸው ነበር የሚያስፈራው። ጠዋት ዕቅዱ ተነበበ፣ ተጨበጨበ። ሰዓዳ የምታቀርበው ከምሳ በኋላ ነው። ጓድ ተፈራ ኮሪደር ላይ ይዟት ቆመ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጆች ያሉት፣ የሚፈራ ሰው ነበር።

"ሰዓዳ፣ እህቴ፣ ፈርሚውና እንገላገል። ሰው ተርቧል።"

"ለዚህ እኮ ነው እንቅልፍ ያጣሁት፣ ተፌ" አለችው።

አዳራሹ ውስጥ ከፍየል ጥብስ ጋር ሩዝ በልተን ስንጨርስ ተነሳች። ወረቀቷን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች እንጂ አላነበበችውም።

"ጓዶች፣ ምሳው ጥሩ ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ በምን እንደተሠራ ጠየቅኩ። ዛሬ ልንዘጋው ከተሰበሰብንበት ጫካ በመጣ ከሰል ነው።"

ካርታዬን ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

"አረንጓዴው ሰው ያለበት ነው። ቀዩ ኬላ ያለበት። ጫካውን የሚጨርሰው የእኛ ምድጃ ነው፤ የሚጠብቁት እናስነሳቸው ያልናቸው ሰዎች ናቸው። እነሱ ሲነሱ ጫካው ባለቤት ያጣል። መጀመሪያ ለከተማው ማብሰያ ላምባ ይምጣ፤ ከሰል የሚቀንሰው ያኔ ነው። አለዚያ ይህን ኮረብታ ስንዘጋ የሚቆረጠው የሚቀጥለው ነው።"

ጓዱ መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "ዕቅዱ ካልተፈረመ እህል የለም። እህሉ እንዲቀር ነው የምትፈልጊው?"

"አልፈልግም፣ ጓድ። ስለዚህ ለያይቼ ነው የጻፍኩት። እርከኑ ይጠቅማል፣ ችግኙ ይጠቅማል፤ ፈርሜበታለሁ። እህሉ በዚህ ሊመጣ ይችላል። ሰዎቹን ማስነሳቱ ደኑን ይገድለዋል ብያለሁ። እሱን አልፈረምኩም።"

"ለያይተሽ ፈርሚ ያለሽ ማነው?"

"ገምግሚ አላችሁኝ፣ ጓድ። ገመገምኩ።"

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ጣቶቿ ግን ከጠረጴዛው ስር የቀሚሷን ጠርዝ ሲጠመዝዙ ከጎኗ ስለነበርኩ አይቻለሁ። ፈርታ ነበር። ያን ቀን ከሁሉ በላይ የደነቀኝ ይኸው ነው፤ እኔ ደፋር ሰው ማለት የማይፈራ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዎች ቢሮ መጥተው ለጥያቄ እንደምትፈለግ ነገሯት። ሻይ እየጠጣች ነበር። እንድትጨርስ ፈቀዱላት። ጨርሳ ብርጭቆዋን አለቀለቀች፣ ገልብጣ አስቀመጠች፣ "በሉ እንሂድ" አለቻቸው።

የበልጉ ወራት ገብቶ እስኪወጣ ታሰረች። እናቷ ምግብ በሳህን አድርገው በጨርቅ ቋጥረው በየቀኑ ደቻቱን ይሻገራሉ፤ ጉልበታቸው ሲዝል እኔና ጓደኞቼ ተቀበልናቸው። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ ደስ ይለናል፤ በሕይወት አለች፣ ትበላለች ማለት ነው።

በዚህ መሃል ሌላ ባለሙያ ዕቅዱን ሙሉውን ፈረመ። እህሉ መጣ፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው አተረፈ። ቤተሰቦቹም ተነሱ። ካርታ ለመሥራት ተልኬ ሲወርዱ አይቻለሁ። ሴቶቹ ዶሮና ድስት ይዘዋል። ወንዶቹ የቤታቸውን መዝጊያ ነቅለው በጀርባቸው አዝለዋል። ሼህ ሙሜም መዝጊያቸውን አዝለው ነበር፤ ከፊት ሲያዩዋቸው በር ቁልቁለት የሚወርድ ይመስላል።

አዲሱ መንደር ሜዳው ላይ በመስመር ተሠራ። ለመንደሩ ቤት ሥራ ተብሎ እንጨት መቁረጫ ፈቃድ ወጣ። ፈቃዱን የያዘ መኪና አንዱን ጭኖ ለመንደሩ ሲያወርድ ሌላውን ጭኖ ከተማ ይገባል። ከልካይ የለም። ከምንጩ በላይ ያለው ጥድ በአንድ በጋ አለቀ። ክረምት ላይ ደቻቱ ከዚያ በፊት አይቼው በማላውቀው ቀይ ጎርፍ መጣ፤ አሸዋው ላይ የተሠሩትን ዳሶች፣ ፍየሎቹን፣ ሰውም ወሰደ። በማግስቱ ድልድዩ ላይ ቆመን ስናይ ውሃው የጥድ ቅርፊት እያንሳፈፈ ያልፋል።

ሰዓዳ ከዚያ ጎርፍ ቀደም ብላ፣ በልጉ እንዳለቀ ስትፈታ ቦታዋ ለሌላ ተሰጥቷል። ችግኝ ጣቢያ ሄዳ አፈር እንድትሞላ መደቧት። አንድም ቀን ስታማርር አልሰማኋትም። በመጀመሪያው የዕረፍት ቀኗ ግን፣ "መስፍን፣ እነዚያ ሰዎች ዘንድ አድርሰኝ" አለችኝ።

አዲሱ መንደር ስንደርስ ሼህ ሙሜ በቆርቆሮ ጥላ ስር ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቁጢጥ አለች።

"ሼህ ሙሜ፣ እንዳትነሱ ብዬ ጽፌ ነበር። አላሸነፍኩም። ይህን ከሌላ ሰው እንዳትሰሙ ብዬ መጣሁ።"

ሽማግሌው አዩዋት። ከስታለች፤ የአንገቷ አጥንት ይቆጠራል።

"አንቺንም ከቤትሽ አስነሱሽ፣ እኛንም" አሏት። "አሁን ጎረቤት ነን።" ለራሳቸው ያስቀመጡትን ወተት ሰጧት። ጠጣችው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ሲንጠባጠብ አልጠረገችውም።

ጊዜ አለፈ። ከረጂዎቹ ጥያቄ መጣ፦ ድኗል ተብሎ የነበረው ደን የት ደረሰ? ቢሮው ውስጥ ይህን ገምግሞ የሚጽፍ ሰው ጠፋ። የፈረመው ባለሙያ ሌላ ክፍለ አገር ተዛውሯል። ጓድ ተፈራ መኪናውን ውጭ አቁሞ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ገባና፣ በዚያ ፀሐይ፣ እጇ እስከ ክርኗ አፈር የለበሰች ሰዓዳ ፊት ቆመ። እኔም ነበርኩ።

"ሰዓዳ፣ ማንም አይጽፈውም። አንቺ ጻፊው። ለመለመን እንኳ መብት የለኝም።"

የምትሰድበው መስሎኝ ነበር። እኔ ብሆን እሰድበው ነበር። እጇን ባልዲው ውስጥ ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች።

"መኪናው ነዳጅ አለው?" አለችው።

መንገድ ላይ ተፈራ ዝም ማለት አልቻለም። "ጥፋቱ የማን ነው ብለሽ ትጽፊያለሽ?"

"ጥፋቱ ከሩቅ ይታያል፣ ተፌ። እኔ የምጽፈው የተረፈውን ነው።"

እኔ የተረፈ ነገር የለም ብዬ ነበር። ስንወጣ ሸለቆው በሙሉ ጉቶ ነው። ምንጩ ደርቆ ጉድጓዱ ውስጥ ንፋስ ያመጣው ቅጠል ተከማችቷል። ሰዓዳ የጥዶቹን ጉቶ አንድ በአንድ እየዳሰሰች ሄደች። ጥድ አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው አይበቅልም፤ ይህን ከሷ ነው የተማርኩት። ብዙ ሰዓት እንዲሁ ሄደች፣ እኛም ከኋላ ተከተልን። ከዚያ አንድ ቦታ ተንበረከከችና ጠራችን። የወይራ ጉቶ ነው። ከስሩ ፍየል የቀረጠፋት፣ ጣት የምታህል ቀንበጥ ወጥታለች። ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ዓይናችን ከለመደ በኋላ በየቦታው ነበር።

"ወይራ ይመለሳል" አለች። "ፍየሉን የሚከለክልለት ሰው ካገኘ።"

የጻፈችው ግምገማ አጭር ነበር። ዕቅዱ እንዳልሠራ፣ ለምን እንዳልሠራ፣ ሰዎቹ ተመልሰው እያንዳንዱ ቤተሰብ በቤቱ ዙሪያ ያለውን ጉቶ ቢጠብቅ ደኑ ሊያገግም እንደሚችል ይላል። የማንም ስም አልነበረበትም። ተፈራ አንብቦ ሲጨርስ የራሱን ስም ፈልጎ ማጣቱ ከማግኘቱ የባሰ እንደከበደው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። ወረቀቱ ወደ ላይ ሄደ፣ መልስ አልመጣም። ተፈራ መልስ አልጠበቀም። አንድ ጠዋት አዲሱ መንደር ሄዶ፣ ሰዉን ሰብስቦ፣ "ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ የሚፈልግ የሚከለክለው የለም። የሚጠይቅ ቢመጣ ተፈራ ፈቀደልን በሉ" አላቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ብሎ መናገር ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቃል። ሰዎቹ መዝጊያቸውን እንደገና ነቅለው ዳገቱን ወጡ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ መንገዱ ወታደር በሞላበት ሰሞን፣ ሰዓዳ እንደገና ካልወጣን አለችኝ። በአንድ የጨው መኪና ላይ ሹፌሩን ለምነን ወጣን። ሼህ ሙሜ አርጅተዋል፤ በልጅ ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ከጉቶ ጉቶ ወሰዱን። እያንዳንዱ የወይራ ቀንበጥ በእሾህ ታጥሯል። አንዳንዱ ወገቤ ድረስ ደርሷል። ምንጩ ገና አልተመለሰም፤ ድንጋዩ ስር ግን እጄን ስሰድ እርጥብ ነው።

ቀትር ነበር፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰዓዳ ከሁሉ ረዘም ያለችውን ወይራ መርጣ አጥሩን ከፈት አድርጋ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ዛፏ ገና ልጅ ናት፤ ጥላዋ ከሰዓዳ እግሮች ሌላ የሚሸፍነው ነገር አልነበረም። ሼህ ሙሜ ተጨንቀው፣ "ኢንተላ ኮ፣ ቤት እንግባ፤ እዚህ ጥላ የለም" አሏት።

የሸራ ጫማዋን አወለቀች። ባዶ እግሯን እዚያች ትንሽ ጥላ ውስጥ አስገባችና ዓይኗን ጨፈነች።

"አለ፣ ሼህ ሙሜ" አለች። "ትንሽ ልቀመጥበት።"